ግራሯ አለች?

«አልወርድም» አለች። የመኪናው ሞተር ከጠፋ ቆይቷል፤ እሷ ግን ቀበቶዋን እንኳ አልፈታችም። «አንተ ግባና ግዛ። ለእኔ ምትክ ስትመርጥ አጠገብህ ቆሜ ላጨበጭብልህ ነው?»

ባሏ በመስኮቷ በኩል ቆሞ የመኪናውን ጣሪያ በጣቱ አንኳኳ። ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ከጉድጓድ ውሃ የሚስቡ ፓምፖች ሲበላሹ ይደወልለታል፤ ከከተማ ወጥቶ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላም ብዙ ነድቶ፣ ጠግኖ ይመለሳል። እጁ ብረት ያውቃል፤ አፉ ግን እንዲህ ላለው ነገር አልተፈጠረም።

«ምን ምትክ አለው?» አለ። «ዕቃ ነው የምንገዛው። እንደ ክሪክ፣ እንደ ጎማ።»

«እንግዲያው እንደ ክሪኩ ብቻህን ግዛዋ።»

«አንቺ የሌለሽበት ዕቃ ገዝቼ ቀንቶኝ ያውቃል?»

ይህ እውነት ነበር። ብቻውን ገዝቶት የመጣ ነገር ሁሉ ወይ ከዋጋው በላይ የተከፈለበት ነው፣ ወይ ሰባራ ነው። ቀበቶዋን ፈታች። የበሩን መያዣ ለመያዝ እጇን ስትልክ አላገኘችውም፤ እንደገና ዳሰሰች። እሱ እንዳላየ ሆኖ በሩን ከውጭ ከፈተላት።

እዚህ ላይ የሁለቱን አሠራር መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ሰውየው አቅጣጫ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት ሲሄድ ይጠፋል» እያሉ የሚስቱ ወንድሞች ሲስቁበት ኖረዋል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ምን ያድርግ፣ ሐሰት አይደለም። በተጋቡ ሰሞን ብቻውን ለሥራ ወጥቶ መንገዱ ጠፍቶት የማያውቀው ሰው ቤት አድሮ ተመለሰ። በማግሥቱ ሚስቱ ሻሿን ጠምጥማ ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች፤ በዚያው ቀረች። እሱ ይነዳል፣ እሷ ትመራለች። መገንጠያ በደረሱ ቁጥር «ግራ» ወይም «ቀኝ» ትለዋለች፤ ይታጠፋል፤ ከዚያ «ቀጥል» ትላለች። ያቺ «ቀጥል» ትክክል ነህ ማለት ናት። እሷን ሳይሰማ ልቡ አያርፍም፣ ማርሽም አይጨምርም።

የዓይን ግፊት ይዟታል አሉ ሐኪሞቹ። ከዳር ጀምሮ ይበላል፤ የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረችውን ለማቆየት ነው። ሐኪሞቹ ይህን ከመናገራቸው በፊት እሷ ታውቅ ነበር፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም። መንገዱን በልቧ ይዛዋለችና ጉብታውን በወንበሩ መንገጫገጭ፣ ድልድዩን በጎማው ድምፅ ትለየዋለች። የቀረውን ባሏን እያዋዛች ትጠይቀዋለች። «ያቺ ሁለት ራስ ግራር ዛሬም አለች?» ትለዋለች፣ የወዳጇን ደኅንነት እንደምትጠይቅ ሆና። እሱም «ገና አልደረስንም» ወይም «አለች» ይላታል። «እንግዲያው ከሷ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ነው» ትለዋለች። እሱ ጨዋታ መስሎት ነበር። ለካ በገዛ ዓይኑ ነው ስትመራው የከረመችው።

ባለፈው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ነገሩ ጉድ አፈላ። የጤና ጣቢያው ፓምፕ ቆሞ ውሃ የሚባል አልነበረም። ሰውየው ደክሞታል፤ ፀሐይዋም ፊት ለፊቱ ናት። «ግራሯ አለች?» ስትለው እንደ ልማዱ፣ ቀና ብሎ ሳያይ፣ «አለች» አላት። ገና አልደረሱም ነበር። ቢደርሱም ግራሯ የለችም፤ ከሰል አክሳዮች ቆርጠዋታል። የታጠፉበት ቀኝ ደረቅ ወንዝ ውስጥ የሚከት ቀኝ ነበር፤ መኪናዋ አሸዋው ውስጥ እስከ ሆዷ ተቀበረች። አካፋ ለማውጣት የጭነቱን መዝጊያ ዘርግቶ «ነይ እስቲ፣ ጉዳችንን እዪው» ሲላት፣ ድምፁን ተከትላ መጣችና ከመዝጊያው ጋር በደረቷ ተላተመች። ያኔ ገባው። አካፋውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

እነሱ አሸዋ ሲዝቁ ባደሩበት ሌሊት በዚያ ጤና ጣቢያ አንዲት ሴት ያለ ውሃ ወለደች። ልጁ ደህና ሆነ፤ እናቲቱ ግን ትኩሳት ያዛትና ወደ ሆስፒታል ተጫነች። ድናለች። ድናለች ተብሎ ለፓምፕ ጠጋኙ ሚስት ደጋግሞ ተነግሯታል፤ እሷ ግን እስካሁን ማታ ማታ ስለዚያች ሴት ትጠይቃለች። ባሏ ያኔውኑ «ሳላይ ነው አለች ያልኩሽ» ብሎ ነግሯት ነበር። «ያላየኸው እኔን አምነህ ነው» ብላ ነገሩን መልሳ ራሷ ላይ ጫነችው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ቀጥል» ብላ አታውቅም። ከተማ ውስጥ እንኳ መንገድ ስታሳየው «መሰለኝ» ነው የምትለው።

ዛሬ ጠዋት ያው ጤና ጣቢያ ደወለ። የፓምፑ ሞተር ተቃጥሏል። አዲሱ ሞተር ከኋላ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል፤ እነሱም ወደዚያው ከመነሳታቸው በፊት መንገድ የሚመራ ጂፒኤስ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ናቸው።

ሱቁ ጠባብ ነው። የመኪና ሬዲዮና የኋላ ማሳያ ካሜራ በግድግዳው ላይ ተደርድሯል፤ ገመዶች እንደ ሐረግ ከመደርደሪያው ወርደዋል። ሻጯ መነጽሯን አናቷ ላይ ያደረገች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት።

«ለከተማ ነው ወይስ ለገጠር፣ አባቴ?»

«ለሁለቱም። ከከተማ እንወጣለን፣ መንገድ የሌለበት እንገባለን።»

«ስልክዎ ላይ አልሞከሩትም?»

«ልጄ ጭናልኝ ነበር። ከተማ ውስጥ ደህና ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ እሱም እንደ እኔ ይጠፋል።»

ሻጯ ፈገግ አለችና ሦስት ዕቃ አውጥታ መስታወቱ ላይ ደረደረች። የመጀመሪያው ሰፊና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የከተማውን ጎዳና በሙሉ ያውቃል፣ መንገድ ሲጨናነቅ ይናገራል፣ በገጠሩም ካርታ ይሠራል። ሁሉ ነገሩ በጣት የሚነካ ነው። ሁለተኛው በመዳፍ የሚያዝ የእግረኛ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለቱን ያሳያል፣ ግን ዲዳ ነው። ሦስተኛው ወፍራም ጎማ ለብሷል፤ መልኩ አያምርም፣ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ከተማ ውስጥ ቀርፈፍ ይላል፤ ግን አቧራና ንቅናቄ ይችላል፣ ይናገራልም፣ ትልልቅ ቁልፎችም በጎኑ አሉት።

ሰውየው ትልቁን አነሳ። ወዲያው ዓይኑ ውስጥ ገባለት። ሚስቱ በሁለት እጇ የመስታወቱን ጠርዝ ይዛ ቆማለች።

«መንገዱን ጎርፍ ቢወስደው ያውቃል?» ብላ በድንገት ጠየቀች።

«ካርታው ሲታደስ ካልገባ በቀር አያውቅም፣ እናቴ። የሦስቱም ካርታ አሁን በቅርቡ የታደሰ ነው።»

«ታዲያ በምን ይበልጠኛል?»

ሻጯ ነገሩን አላወቀችም፤ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «የት እንዳላችሁ ግን ከሳተላይት ስለሚቀበል አይሳሳትም። ሰማይ እስካየ ድረስ ነው ታዲያ።»

«ሰማይ እስካየ ድረስ» ብላ ደገመችው ሴቲቱ። «ልዳስሳቸው?»

ሻጯ ያኔ ገና ቀና ብላ አየቻት። ምንም ሳትናገር ዕቃዎቹን ወደ እሷ አስጠጋች። ሴቲቱ ትልቁን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። «ይሄ ሳህን ነው» አለች። የእግረኛውን ነካ አድርጋ ተወችው። ሦስተኛውን ስትይዝ አውራ ጣቷ በጎኑ ያለችው ከፍ ያለች ቁልፍ ላይ አረፈ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ምልክት ማድረጊያ ናት። ተጭነው ሲይዟት ያላችሁበትን ቦታ ትመዘግባለች። የፈረሰ መንገድ፣ ጭቃ፣ ደህና መሻገሪያ ያገኛችሁ እንደሆነ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ሌላ ቀን ስትደርሱበት ይናገራል። ሾፌሩ ግን እየነዳ አይነካትም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ነው የሚጫናት።»

የሴቲቱ አውራ ጣት ከቁልፏ ላይ አልተነሳም። ባሏ አየው። ከዚያ ዕቃውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና እጇን ሰበሰበች።

«ትልቁን ግዛ» አለችው። «ሁሉንም በራሱ የሚያውቀውን። እኔ ከዛሬ ወዲያ እቤት እቀመጣለሁ።»

ሻጯ ከመደርደሪያው ሥር የምትፈልገው ነገር እንዳለ ሁሉ ጎንበስ አለች።

«እቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዕውር የሚሠራውን።»

«ዓይኔን ግንባር ያድር…» ብሎ ሊምል ጀመረና ዋጠው። ስንት መሐላ ሞልቶ፣ በዚህ ጊዜ አፉ ላይ የመጣው ያ ነው። ፊቱ ደም መሰለ።

እሷ ግን ሳቀች። ከዚያ ከአሸዋው ሌሊት ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። «ጨርሰው እንጂ። ያንተም ግንባር ከሆነ ሁለታችንም ተቀምጠን እንገላገላለን።»

ሳቋ ቶሎ አለቀ። ሰውየው ትልቁን ዕቃ ወደ ሻጯ ገፋና ጎማ የለበሰውን አነሳ። «ይሄኛውን ነው የምወስደው። እጄ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ያንን መስታወት በምን ልነካው? ይሄ ቁልፍ አለው።»

«ከተማ ውስጥ ቀርፋፋ ነው ብላሃለች።»

«ከተማ ውስጥ ምን ያጣድፈኛል?»

«ስማ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባላይም እሰማለሁ። ግሪስ አይደለም ምክንያትህ። ለእኔ ብለህ ነው።»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ። «ታዲያ ለማን ብዬ ልግዛ? መጥፋቱን አይደለም የምፈራው፤ ጠፍቼ አውቃለሁ። እዚያ መንገድ ላይ ብቻዬን መሆኑን አልችለውም። ጆሮዬ አንቺን ለምዷል።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። በሰው ሱቅ፣ በሰው ፊት መውጣቱ ለራሱም ገረመው። ሴቲቱ አንገቷን ደፋች። ሆዷ እንደባባ ከአገጯ ያስታውቃል፤ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ነገር ግን ቃል ትገባልኛለህ። መንገድ ላይ እኔና እሱ ካልተስማማን የእሱን ትሰማለህ።»

«አላደርገውም።»

«እንግዲያው ትልቁን ግዛና እቤት አድርሰኝ። እዚያ ውሃ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። በእኔ ኩራት ሌላ ሴት ልትታመም አይገባም።»

«እሺ» አለ። እሺ ማለት የዚያን ያህል ከብዶት አያውቅም።

ዋጋው ካሰቡት በለጥ ይላል፤ ሴቲቱ ተከራክራ አስቀነሰችና ከፈሉ። ሻጯ እስከ መኪናው ድረስ መጥታ ማቀፊያውን መስታወቱ ላይ አጣበቀች፣ ገመዱን የሲጋራ መለኮሻው ውስጥ ሰካች። «ወደ ማን በኩል ላድርገው?» ብላ ሁለቱን በተራ አየችና ከመሐላቸው አደረገችው።

ከከተማው እስኪወጡ ዕቃው ሥራውን ሠራ። «ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» አለ።

«ጨዋ ነው» አለች ሴቲቱ። «አንቱ ይልሃል። እኔ እስከ ዛሬ በአንተ ስጠራህ ኖሬ ቀለልኩብህ።»

«አንቱታው ሳይጨንቀኝ አይቀርም።»

አንዴ አደባባይ ላይ ቀርፈፍ ብሎ ሲዘገይ የእንጨት መሰንጠቂያው መጋዝ ተሰማ፤ ሴቲቱ «መጋዙ ጋ ነው መታጠፊያው፣ መሰለኝ» አለች። ዕቃውም ትንሽ ቆይቶ ያንኑ አለ። ተስማሙ። ሰውየው በሆዱ ተመስገን አለ። ምናልባት እስከ መጨረሻው ይስማሙ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ።

አስፋልቱ አለቀ፤ ስልኩም ኔትወርክ አጣ። መኪናዋ በጠጠሩ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። የፓምፑ ሞተር ከኋላ ገመዱን እያንቋቋ ይወዛወዛል። ሴቲቱ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጆሮዋን አቁማ ትሄዳለች።

«ግራ…» ብላ ጀመረችና አቆመች። የግራሯን ነገር ልትጠይቅ ነበር።

ሰውየው መኪናውን አዘገመና አንገቱን አውጥቶ አየ። «ጉቶዋ ይታየኛል። በቀኝሽ በኩል ናት። አሁን ደረስንባት።»

«ወደ ቀኝ ይታጠፉ» አለ ዕቃው።

«ቀኝ» አለች እሷም። ታጠፉ። «ቀጥል» ትለኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አላለችም።

ደረቁን ወንዝ በመሻገሪያው በኩል በደህና ተሻገሩ። ከወንዙ ወዲያ፣ ጉብታው ሥር ከመድረሳቸው በፊት፣ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዕቃው ተናገረ። «ወደ ግራ ይታጠፉ።»

ሴቲቱ ቀና አለች። «ቀኝ ነው» አለች። «በጉብታው ሥር ነው የምንሄደው። ወደዚህ ስንመጣ በግራ ታጥፈን አናውቅም።»

ሰውየው ፍሬን ያዘ። ሞተሩ እየሠራ ቆሙ። በዚህ መገንጠያ ላይ ሁልጊዜ «ቀኝ» ትለዋለች፤ ተሳስታም አታውቅም። በሁለቱም በኩል ያለው መንገድ ያው መንገድ ነው፤ አንዱ ከአንዱ በምን እንደሚሻል እሱ ሊለይ አይችልም፤ መቼስ ሲፈጥረው እንዲያ ነው። ጎኑ ያለችውን አየ። አልተመለከተችውም።

«ወደ ግራ ይታጠፉ» አለ ዕቃው እንደገና።

«ቃልህን» አለች ሴቲቱ።

መሪውን ወደ ግራ አዞረ። ሲያዞረው ሚስቱን በሰው ፊት ያዋረደ መሰለው። መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጎማው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ አቧራው በመስኮት እየገባ ወጡ። ሴቲቱ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ዕቃው ጨርሶ ባይገዛ፣ ጨርሶ ባይፈጠር ኖሮ ብሎ ተመኘ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ «አቁም» አለችው።

አቆመ።

«ከዚህ ታች የድሮው መንገድ መታየት አለበት። በቀኝ በኩል። ምን አለ?»

«ሣሩ…» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ። ከወንበሩ ላይ ሆኖ ከሣሩ በቀር የሚታየው ነገር የለም። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ እስከ ዳገቱ ጠርዝ ሄደ። አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ወደ ታች አየ።

የድሮው መንገድ ከጉብታው ሥር ይጀምርና መሐል ላይ ያልቃል። ጎርፉ ቆርጦታል። የአፈሩ ቁራጭ ቀይ ነው፣ ጥልቅ ነው፤ የአሮጌ ጎማ ዱካ እስከ ጠርዙ ደርሶ ከዚያ ወዲያ የለም። ሰውየው ቆሞ አየው። ተመልሶ «ሣር ብቻ ነው፣ በደንብ አይለይም» ቢላት ማን ያውቃል? በቀኝም በግራም ያደርሰን ነበር ብሎ ቢያጽናናት ምን ይጎዳል? ሆዱ እንዲያ በል አለው። ግን ያቺ «አለች» ትዝ አለችው፤ ቀላል ቃል ነበረች እሷም።

መጥቶ በመስኮቷ በኩል ቆመ።

«ተቆርጧል» አላት።

«ወርደህ ነው ያየኸው?»

«ወርጄ። ድንጋይ ላይ ወጥቼ። ጎርፉ ከመሐሉ በልቶታል፤ ገደል ሆኗል። እንኳን መኪና ፍየል አያሳልፍም።»

«እኔ ብመራህ ኖሮ ገብተን ነበር።»

«ገብተን ነበር» አለ።

አለቀሰች። ድምፅ አላወጣችም፤ እንባዋ በዚያ ማየት በተሳነው ዓይኗ ሞልቶ ወረደ፣ እሷም በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። እሱ እጁን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ እንዳደረገ ቆመ። አይዞሽ አላላትም፤ አይዞሽ የሚባልበት ነገር አልመሰለውም። ወዲያ ታች፣ ከሜዳው ማዶ፣ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ጣሪያ ያብለጨልጫል።

«ጤና ጣቢያው ይታያል?» አለችው።

«ጣሪያው ይታየኛል። ሩቅ አይደለም።»

ተነፈሰች። «እንግዲያው ትንሽ ይጠብቁን» አለች። «ወደ ኋላ መልሰኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ መገንጠያው። እዚህ ቢነገረን ምን ያደርጋል? ምልክቱ መሆን ያለበት እዚያ፣ ከመታጠፋችን በፊት ነው። ሌላ ቀን ረስቼ ቀኝ ብልህ ይንገርህ።»

መኪናውን አዙሮ ያንን ድንጋያማ ቁልቁለት ተመልሶ ወረደ። መገንጠያው ላይ አቆመ። ሴቲቱ እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ የነካችው ገመዱን ነው፤ ከዚያ ማቀፊያውን። እጇን ይዞ ሊያሳያት ከጀለና ተወው። ጎማውን ዳበሰች፣ በጎኑ ወረደች፣ አውራ ጣቷ ቁልፏን አገኘ። ዕቃው ጢጥ እስኪል ተጭና ያዘችው።

እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አቀናች።

«ግራ» አለች።

ወደ ግራ ታጠፈ።

«ቀጥል።»

ማርሽ ጨመረና ዳገቱን ወጣ።